በ37,000 ፓውንድ የተሠራ የ93,000 ፓውንድ ዝርፊያ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ብሪታንያ ውስጥ በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ሳምንታት ተሠርተው ከተረሱት የወንጀል ፊልሞች መካከል አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል፣ «ካሽ ኦን ዲማንድ» የተባለውን የ1961 ፊልም ሳላመነታ እመርጣለሁ። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ልናገር። ፊልሙን የሠራው በአስፈሪ ፊልሞቹ ስሙ የገነነው ሐመር የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ኩዌንቲን ሎውረንስ፣ ዋና ተዋናዮቹ ደግሞ ፒተር ኩሺንግና አንድሬ ሞሬል ናቸው። ታሪኩ በአንዲት አነስተኛ የእንግሊዝ ከተማ በሚገኝ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ የገና በዓል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ይጀምርና እዚያው በዚያው ያልቃል። ሽጉጥ አይተኮስም፤ መኪና አይሳደድም፤ ደም አይፈስም። ፊልሙን ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ወደ 37,000 ፓውንድ ገደማ ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ ከካዝናው የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ 93,000 ፓውንድ ነው። ሌባው ሻንጣው ውስጥ የሚያጭቀው ገንዘብ ለፈጠሩት ሰዎች በእውን ቢደርሳቸው ኖሮ፣ ይህን የመሰሉ ሁለት ፊልሞች አሠርቶ ለሦስተኛው ግማሽ ያህል ይተርፋቸው ነበር።

እንዲህ ያለ ፊልም ስለ ምን እንደተሠራ ለመረዳት የዚያን ዘመን የሲኒማ ቤት ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። የብሪታንያ ተመልካች በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ያይ ነበር፤ አንደኛው ስሙ በትልቁ ተጽፎ የሚለጠፈው ዋናው ፊልም ሲሆን፣ ሌላው ከዋናው ጋር ተዳብሎ የሚቀርብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ አጃቢ ፊልም ነው። በ1927 የወጣው ሕግ ሲኒማ ቤቶች ከሚያሳዩት ፊልም የተወሰነው እጅ የአገር ውስጥ እንዲሆን ስላስገደደ፣ ሕጉን ለማሟላት ያህል ብቻ በጥድፊያ የሚሠሩ ፊልሞች ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። ከጦርነቱ በኋላም ድጋፉ በሌላ መልክ ቀጠለ። ከ1950 ጀምሮ ከእያንዳንዱ ትኬት ላይ ጥቂት ሳንቲም ተቆርጦ ለአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎች የሚከፋፈልበት፣ በገንዘብ ሚኒስቴሩ ባለሥልጣን በሰር ዊልፍሬድ ኢዲ ስም የሚጠራ መዋጮ ተቋቋመ፤ በ1957 ደግሞ በሕግ ግዴታ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ወደ ቴሌቪዥን እየኮበለለ ነበር። በ1946 በብሪታንያ ከ1.6 ቢሊዮን በላይ የሲኒማ ትኬት ተሽጦ ሳለ፣ በ1960 ቁጥሩ ወደ 500 ሚሊዮን ገደማ አሽቆልቁሏል። አጃቢ ፊልም ሠሪው እንግዲህ በአንድ በኩል መዋጮ የሚደግፈው፣ በሌላ በኩል ተመልካች የሚሸሸው ሰው ነበር፤ የነበረው ምርጫም ወጪውን መቀነስ ብቻ ነው።

የወንጀል ታሪክ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር እንደ ተፈጠረ ሁሉ ይመቻል። ለንጉሥና ለጦር ሜዳ የሚሆን አልባሳት አያስፈልገውም፤ አንድ የዝናብ ካፖርት፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ጨለማ ደረጃ ይበቃዋል። በደቡብ ምዕራብ ለንደን የነበረው የመርተን ፓርክ ስቱዲዮ ከኤድጋር ዋላስ ልብ ወለዶች የተወሰዱ የወንጀል ፊልሞችን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተከታታይ ያመርት ነበር። ከኒው ዮርክ የመጡት ሁለቱ የዳንዚገር ወንድማማቾች ደግሞ ፊልም እጅግ በረከሰ ዋጋ በጥድፊያ ሠርቶ በማውጣት ይታወቁ ነበር። ሐመር ራሱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ሊፐርት ከተባለ አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር ጋር ተዋውሎ፣ በሆሊውድ ኮከባቸው ማዘቅዘቅ የጀመሩ ተዋናዮችን እያስመጣ ርካሽ የወንጀል ፊልሞችን ሲሠራ ቆይቷል። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ፊልሞች አብዛኞቹ ደካማ ናቸው። በርካታዎቹን ተመልክቻለሁ፤ ታሪኩ ከመሀል የሚጠፋባቸው፣ ተዋናዩ የሚናገረውን ገና ትናንት ማታ ያጠናው የሚመስልባቸው፣ መርማሪው ሁሉን ነገር በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ቆሞ የሚተርክባቸው ብዙ ናቸው። ገንዘብ ማጣት በራሱ ጥበብ አይወልድም፤ ብዙውን ጊዜ የሚወልደው መቸኮልን ነው። «ካሽ ኦን ዲማንድ» የሚለየው ድህነቱን ሊሸፍን ባለመሞከሩ ነው።

ታሪኩ መጀመሪያ የቀረበው በ1960 በቴሌቪዥን ሲሆን ደራሲው ዣክ ጊሊስ፣ አዘጋጁም ያው ሎውረንስ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ተውኔት ተዋናዮች ሞሬልና ሪቻርድ ቨርነን ወደ ፊልሙ ሲዘዋወሩ፣ የሥራ አስኪያጁ ቦታ ግን ለኩሺንግ ተሰጠ። ቀረጻው የተካሄደው በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ከዊንዘር ብዙም በማይርቀው የብሬይ ስቱዲዮ ነው። ይህ ስቱዲዮ ሐመር አንድ አሮጌ የባላባት መኖሪያ ቤት ይዞ ያቋቋመው ነበር፤ የፍራንከንስታይንና የድራኩላ ፊልሞቹ የተሠሩትም እዚያው ነው። ካሜራውን የያዘው አርተር ግራንት ነው፤ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ በትንሽ መብራት ብዙ መሥራት የለመደ ሰው። ደረጃ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ካዝና፣ ከመስኮቱ ውጪ ጥቂት የተረጨ በረዶ፤ የፊልሙ ዓለም ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

የፊልሙን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የሠሪዎቹ ስም በሚታይበት ጊዜ ካሜራው ሰው በሌለበት ባንክ ውስጥ ቀስ እያለ ይዘዋወራል፤ ባንኮኒውን፣ ጠረጴዛዎቹን፣ ከታች ያለውን ካዝና ሁሉ ሰው ከመምጣቱ በፊት ያሳየናል። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። በኋላ ላይ ሰውየው በጭንቀት ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ፣ በር ሲከፈት፣ ከታች ድምፅ ሲሰማ፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው በላይ እንደሆነ፣ ከካዝናው እስከ ባንኮኒው ምን ያህል እርምጃ እንዳለ ተመልካቹ አስቀድሞ ያውቀዋል። ቀጥሎ ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ከብርዱ እየገቡ ካፖርታቸውን ያወልቃሉ፤ ስለ በዓሉ ያወራሉ፤ ይሳሳቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ሃሪ ፎርዳይስ ሲገባ ሳቁ ይቆማል። ማንንም አልተቆጣም፤ ገና አንድ ቃል አልተናገረም። ክፍሉ ግን ሲጨማደድ ይታያል።

ኩሺንግ ይህን ሰው የተጫወተበት መንገድ ለእኔ ከፍራንከንስታይኑም ሆነ ከሼርሎክ ሆምሱ ይበልጣል። ፎርዳይስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለን ነበር። ንጹሕ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ ከባንኩ ገንዘብ ላይ አንዲት ሳንቲም የማይነካ፣ ነገር ግን ለሰው የሚሆን ቦታ በውስጡ ያልተረፈው ሰው ነው። በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ ኩሺንግ ዕቃ በመያዝ ችሎታው የታወቀ ነበር፤ መነጽር፣ ብዕር፣ ወረቀት፣ ቁልፍ በእጁ ሲገባ ሁሉም የገጸ ባሕሪው አካል ይሆናል። እዚህም ሥራ አስኪያጁን የምናውቀው በንግግሩ ሳይሆን ዕቃዎቹን በሚያስተካክልበት ሁኔታ ነው፤ እያንዳንዱ ነገር በቦታው፣ እያንዳንዱ ወረቀት ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ትይዩ።

ከዚያ የፒርሰን ጉዳይ ይመጣል። ፒርሰን ለረጅም ዘመን በዚያ ቅርንጫፍ የሠራ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ከሥራ አስኪያጁ ቀጥሎ ያለ ሠራተኛ ነው፤ የሚጫወተው ሪቻርድ ቨርነን ነው። ቀደም ሲል አንድ አነስተኛ የሂሳብ ስህተት ተፈጽሟል፤ ተገኝቶም ተስተካክሏል። ፎርዳይስ ግን ነገሩን ከስህተት አሳልፎ ወደ እምነት ማጉደል ያስጠጋዋል። ፒርሰንን ከሥራ እንደሚያሰናብተው፣ በዚያ ዕድሜውና በዚያ ዓይነት መረጃ ሌላ ባንክ እንደማይቀበለው ድምፁን ሳይጨምር ይነግረዋል። ለጥቂት ዓመታት በባንክ ቅርንጫፍ የሠራሁ ሰው በመሆኔ ይህ ትዕይንት አንጀቴን ይበላዋል። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ጉድለት መጣ የሚለው ቃል በአንድ ገንዘብ ያዥ ፊት ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው፣ የተገኘ ጉድለት እንኳ በአለቃው እጅ ዱላ ሆኖ ሊቆይ እንደሚችል ያውቃል። ቨርነን አይለምንም፤ አይከራከርም። ከመደንገጡ ይልቅ ማፈሩ ነው ጎልቶ የሚታየው።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ኮሎኔል ጎር ሄፕበርን በበሩ የሚገባው። የመድን ድርጅት መርማሪ ነኝ፣ የባንኩን የጥበቃ ሁኔታ ልፈትሽ መጥቻለሁ ይላል። ደስተኛ ነው፣ ተጫዋች ነው፣ ከፎርዳይስ በቀር ሁሉንም ሠራተኛ በሁለት ደቂቃ ወዳጅ ያደርጋል። ሞሬል የሚናገረው በወታደር መኮንን ድምፅ ነው፤ በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለውን ድምፅ የሰማ ሰው መታወቂያ አሳየኝ ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል። የፊልሙ ትልቁ ዘዴ እዚህ ላይ ነው፤ ሌባው የሚገባው በር ሰብሮ ሳይሆን መደቡን ለብሶ ነው። ፎርዳይስ ዕድሜ ልኩን ሲያከብረው የኖረው ሥርዓት፣ ማለትም ማዕረግ፣ ጨዋነት፣ የተስተካከለ አነጋገር፣ ካዝናውን የሚከፍተው ቁልፍ ይሆናል።

የቢሮው በር ከተዘጋ በኋላ ስልክ ይደወላል። በስልኩ ውስጥ የፎርዳይስ ሚስት ድምፅ አለ፤ ተጨንቃለች፤ እሷና ልጃቸው በሰዎች እጅ ናቸው። ኮሎኔሉ ነገሩን በዝርዝር ያስረዳል፤ ሥራ አስኪያጁ ካልተባበረ ቤተሰቡ በኤሌክትሪክ ይሠቃያል። ልብ ይበሉ፤ ካሜራው ወደ ቤቱ አይሄድም። የታሠረች ሴት አናይም፤ የሚያስፈራ ወንበዴ አናይም። የምናየው ስልክ የያዘ ሰው ፊት ብቻ ነው። ብዙ ገንዘብ ያለው ዳይሬክተር ቢሆን ኖሮ ቤቱን፣ ሳሎኑን፣ ሽቦውን ሁሉ ያሳየን ነበር፤ እኛም ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ ለክተን እንረጋጋ ነበር። ሎውረንስ ያን ቤት ለመሥራት ገንዘብ አልነበረውም ወይም አልፈለገም፤ በየትኛውም መንገድ ቢሆን ቤቱን በየራሳችን ጭንቅላት ውስጥ እንድንሠራው ትቶልናል።

ስለ ሁለቱ ተዋናዮች አንድ ነገር ማንሳት እዚህ ላይ ተገቢ ነው። በ1959 ሐመር በሠራው የሼርሎክ ሆምስ ፊልም ኩሺንግ ሆምስ፣ ሞሬል ዶክተር ዋትሰን ሆነው ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በዚያ ጓደኝነት ነው። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ የማስታውሰው በታኅሣሥ ወር 1954 ቢቢሲ በቀጥታ ያስተላለፈውን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ነው። በዚያ ተውኔት ኩሺንግ ዊንስተን ስሚዝን፣ ሞሬል ደግሞ ኦብራየንን ተጫውተዋል፤ አንዱ ተሠቃይ፣ ሌላው በእርጋታ የሚያሠቃይ። ተውኔቱ በወቅቱ ብዙ ተመልካች ያስቆጣና በፓርላማ እስከ መነሳት የደረሰ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ እነዚያው ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ እንደገና ይገናኛሉ፤ እንደገና አንደኛው በለሰለሰ ድምፅ ሌላውን ያፈርሰዋል፤ እንደገና ማስፈራሪያው ሰውየው ከሁሉ በላይ የሚሳሳለት ነገር ነው። ልዩነቱ ኦብራየን መንግሥት ከጀርባው ሲኖረው ጎር ሄፕበርን ሻንጣ ብቻ መያዙ ነው። ኩሺንግ ገና ስልኩን ሲያነሳ ትከሻው የሚወርድበትን አወራረድ ሳይ፣ ያን አሮጌ ልምምድ ሰውነቱ ያስታወሰው ይመስለኛል።

ካዝናው የሚከፈትበት ክፍል የባንክ ሠራተኛ ለሆነ ሰው የተለየ ጣዕም አለው። የባንክ ካዝና በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይከፈትም፤ ቁልፉ ለሁለት ሰው ይከፈላል፣ አንዱ ያለ ሌላው ምንም ማድረግ እንዳይችል። አሠራሩ በለንደንም ሆነ በአዲስ አበባ ያው ነው፤ እኔም የግማሽ ቁልፍ ባለቤት የሆነ ሰው ሻይ ለመጠጣት እንኳ ሲወጣ የት እንደሚሄድ ተናግሮ ይወጣ እንደነበር አስታውሳለሁ። ፎርዳይስ እንግዲህ ቤተሰቡን ለማዳን የፒርሰን ቁልፍ ያስፈልገዋል። ጥቂት ቀደም ብሎ ከሥራ አባርርሃለሁ ያለውን ሰው፣ ምክንያቱን ሳይነግረው፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ፣ ቁልፉን እንዲያመጣ ማድረግ አለበት። ተራው የጥበቃ ደንብ ለጸሐፊዎቹ ከየትኛውም ሽጉጥ የተሻለ መሣሪያ ሆኖላቸዋል። ታች ከወረዱ በኋላ ግራንት ካሜራውን ወደ ኩሺንግ ፊት ያስጠጋል፤ ላቡ በግንባሩ ላይ ይንቆረቆራል፤ ጠዋት ወረቀት በሚሊሜትር ያስተካክሉ የነበሩት ጣቶች አሁን አይታዘዙትም። ጎር ሄፕበርን ግን ከጎኑ ሆኖ እንደ ገና በዓል እንግዳ እያወራ የገንዘቡን እሽግ ወደ ሻንጣው ያስገባል።

ወጣት አንባቢዎች ይህ ሁሉ ጥሬ ገንዘብ በአንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ ውስጥ ምን ይሠራል ብለው ቢጠይቁ አይገርመኝም። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የብሪታንያ የጉልበት ሠራተኛ ደመወዙን የሚቀበለው በየሳምንቱ፣ በፖስታ፣ በጥሬ ገንዘብ ነበር። የጉልበት ሠራተኛ በቼክ እንዲከፈለው የሚፈቅደው ሕግ የወጣው ገና በ1960 ነው። ስለዚህ በዓል ሲቃረብ ባንኮች ለደመወዝና ለገበያ የሚሆን ገንዘብ አከማችተው ይጠብቁ ነበር፤ ከዘመኑ ርካሽ የወንጀል ፊልሞች በርካቶቹ ስለ ደመወዝ ዘረፋ የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። ፊልሙ በዓሉን የመረጠው ለበረዶው ብቻ አይደለም ማለቴ ነው።

በዓሉ ግን ሌላ ጥላም ያጠላል፤ እዚህ ላይ ነው ከፊልሙ ጋር የምጣላው። ታሪኩ የቻርልስ ዲክንስን የ1843 የገና ተረት በሌላ ልብስ የሚተርክ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ፎርዳይስ በተረቱ ውስጥ ያለው ስስታምና ልበ ደረቅ አለቃ ስክሩጅ ነው፤ ፒርሰን ምስኪኑ ጸሐፊ ነው፤ ጎር ሄፕበርን ደግሞ ስክሩጅን የሚገሥጹትን ሦስቱን መናፍስት በአንድ ራሱ ጠቅልሎ የመጣ ነው። ችግሩ ሌባው ይህን የሚያውቅ መምሰሉ ነው። ገንዘቡን ከመውሰድ ይልቅ ፎርዳይስን ስለ ርኅራኄ ማስተማር ይቀናዋል፤ ሠራተኞችህን ለምን እንዲህ ትይዛቸዋለህ፣ ለምን ወዳጅ የለህም እያለ ይገሥጸዋል፤ በአንድ ወቅትም በጥፊ ይመታዋል። የሰው ሚስት አሠቃያለሁ እያለ ስለ ሰው ፍቅር የሚሰብክ ሌባ አስቂኝም አስጸያፊም ነው፤ ሞሬል ይህን ቅራኔ አውቆ ይጫወትበታል፤ ስክሪፕቱ ግን ሁልጊዜ የሚያውቀው አይመስለኝም። አንዳንድ ቦታ ላይ ጸሐፊዎቹ በእውነት ከሌባው ጋር የሚስማሙ ይመስላሉ። ስብከቱ በግማሽ ቢቀነስ ፊልሙ አይጎዳም ነበር። ሴቶቹ የባንክ ሠራተኞችም ከበዓል ወሬ በላይ የተሰጣቸው ነገር የለም፤ ሚስትየዋማ ከሞላ ጎደል ድምፅ ብቻ ናት።

ብዙ ተመልካች የፊልሙ ጫፍ ካዝናው ነው ብሎ ያስባል። ለእኔ ጫፉ የሚመጣው ጎር ሄፕበርን ሻንጣዎቹን ይዞ ከወጣ በኋላ ነው። ሠራተኞቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ነገሩ አላማራቸውም፤ ፒርሰን ጥርጣሬውን ተከትሎ ከመድን ድርጅቱ አጣርቷል፣ ፖሊስም እንዲያውቅ ተደርጓል። በሌላ ፊልም ቢሆን ይህ እፎይታ ነው። እዚህ ግን ታማኙ ሠራተኛ በትክክል ሥራውን በመሥራቱ የአለቃው ቤተሰብ ሊያልቅ ሆነ። ፎርዳይስም ቅርንጫፉን ሲገዛበት የነበረውን ፊት ሁሉ ጥሎ በሠራተኞቹ ፊት ይቆማል፤ ያለ ምንም ማዕረግ ይለምናቸዋል። ሌባ እንዲያመልጥ፣ ለፖሊስ እንዲዋሹ፣ የራሳቸውን እንጀራ አደጋ ላይ እንዲጥሉ ነው የሚለምናቸው፤ ለዚያውም ጠዋት ላይ በዓሉን አብረውት ሊያከብሩ እንኳ ላልደፈሩት ሰው። ኩሺንግ እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ አያደርግም። የሚያስደነግጠው ልመናው እንዴት እንደሚደረግ የማያውቅ መሆኑ ነው፤ ቃላቱን በየት በኩል እንደሚይዛቸው የጠፋበት፣ አንድን ሰው በስሙ ጠርቶ አግዘኝ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው የምናየው።

ፒርሰን እሺ ይላል። ሎውረንስ ካሜራውን ወደ ቨርነን መልሶ ምክንያቱን እንዲነግረን አያስገድደውም፤ ለዚህም ሳላመሰግነው አላልፍም። ቂሙን ረስቶ ነው? አለቃው በመጨረሻ ሰው ሆኖ ስላየው ነው? ወይስ ከረጅም ዘመን ልማድ የተነሳ እንቢ ማለት ስለማያውቅ ነው? ከጓደኞቼ ጋር ፊልሙን ባየን ቁጥር በዚህ እንከራከራለን። አንዳንዶቹ ደግነቱ ነው ይላሉ። እኔ ከደግነቱ ይልቅ ጉዳዩ የሙያ ኩራት ይመስለኛል፤ ጠዋት እምነት የማይጣልበት የተባለው ሰው ከሁሉ የከበደው እምነት ሲጣልበት፣ እምነቱን አለመቀበል ጠዋት የተባለውን እውነት ማድረግ ይሆንበት ነበር።

ፍጻሜውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ያላዩት ሰዎች ይህን አንቀጽ ይዝለሉት። ፖሊስ ጎር ሄፕበርንን ይይዘዋል፤ የሚስትየዋ ድምፅም በቴፕ የተቀዳ ሆኖ ይገኛል። ቤቱን የከበበ ማንም አልነበረም፤ ሚስትና ልጅ ምንም ሳያውቁ በሰላም ውለዋል። መጀመሪያ ስመለከተው ይህ የተንዛዛ ማምለጫ መስሎኝ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን የፊልሙ ብልሃት ሁሉ እዚህ ላይ የታሠረ ይመስለኛል። ጎር ሄፕበርን ያደረገው ነገር ሎውረንስ በእኛ ላይ ካደረገው ጋር አንድ ነው። አንድ ጥሩ ልብስ፣ አንድ የተቀዳ ድምፅ፣ ጥቂት ሻንጣና አንድ ስልክ ይዞ፣ ከአንድ ቢሮ ሳይወጣ፣ አንድ ሰው የሌለ ቤት፣ የሌሉ ወንበዴዎች፣ የሌለ ሥቃይ እንዲያይ አደረገው። ሌባው ራሱ በዝቅተኛ በጀት የሚሠራ ዳይሬክተር ነው፤ ፎርዳይስም በእሱ ፊልም ውስጥ ያለ ብቸኛ ተመልካች። ሐመር ቤቱን ለማሳየት ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ ይህ ፍጻሜ ጨርሶ ሊኖር አይችልም ነበር፤ ያሳየንን ነገር አልነበረም ሊለን አይችልምና። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እርቅና የበዓል መንፈስ ትንሽ ፈጥኖብኛል። አንድ ሰው የአርባ ዓመት ልማዱን በአንድ ጠዋት አይጥልም፤ ጃንዋሪ ላይ ቅርንጫፉን ሄጄ ባየው ፎርዳይስ እንደገና ወረቀት ሲያስተካክል አገኘው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ለፒርሰን ግን ከዚያ በኋላ ክፉ የሚናገረው አይመስለኝም።

ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ በ1961 መጨረሻ ታየ። በገዛ አገሩ ግን ሁለት ዓመት ያህል መደርደሪያ ላይ ቆይቶ፣ ከ80 ደቂቃ ገደማ ወደ አንድ ሰዓት ጥቂት ፈቅ ወደሚል ርዝመት ተቆራርጦ፣ በታኅሣሥ 1963 አጃቢ ፊልም ሆኖ ወጣ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ከግላስጎው ወደ ለንደን ይጓዝ የነበረ የፖስታ ባቡር ተዘርፎ ከ2.6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተወስዷል፤ አገር ምድሩ የሚያወራው ስለ እነዚያ ዘራፊዎች ነበር። ከዚያ ወሬ በኋላ ሲኒማ ቤት የገባ ሰው፣ አንድ ጨዋ ሽማግሌ 93,000 ፓውንድ በሻንጣ ሲሞላ ማየት እንዴት ያለ ቁም ነገር ሊመስለው ይችላል? ኩሺንግም ቢሆን ወደ ሳይንቲስቶቹና ወደ ቫምፓየር አዳኞቹ ተመለሰ፤ ዓለም ደግሞ በ1977 «ስታር ዋርስ» ውስጥ በገዥው ታርኪን አወቀው። ዛሬ ረጅሙም አጭሩም ቅጂ በዲስክ ታትሞ ይገኛል። የምመክረው ረጅሙን ነው፤ ይህ ፊልም የሚሠራው ሰዓቱ ከባንኩ የግድግዳ ሰዓት ጋር እኩል ሲሄድ ስለሆነ፣ ከሰውየው ጭንቀት ላይ ደቂቃ መቀነስ የሚጠቅመው ሌባውን ብቻ ነው።